የቀረውን 120 ብርጭቆ ማን ይጠጣዋል?

የምክር ዓምድ

ደብዳቤው (አሳጥረነዋል)

«የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ የተወልንን ግቢ፣ እኔና ወንድሜ ከ5 ዓመት በፊት የቤተሰብ መዝናኛ አደረግነው። 2 ሸርተቴ፣ ዥዋዥዌ፣ በአየር የሚነፋ መዝለያ፣ በባትሪ የሚሄዱ ትንንሽ መኪኖች፣ ወገብ የማይደርስ የልጆች መዋኛ አለን። ለአዋቂ ሻይ፣ ጁስና ሳምቡሳ እንሸጣለን። ትልቁን ገንዘብ የምናገኘው በሁለቱ ኢዶችና በገና ነው፤ በአዘቦት ቀን 60 ቤተሰብ ከገባ ተመስገን ነው። መብራቱ፣ ውሃው፣ የሞተሩ ጥገና እየከበደን መጣ። ወንድሜ ፈረንሳይ 9 ዓመት ኖሮ የመጣ ነው። "ድራፍት እናስገባ፣ አባቶቹ ይቀመጣሉ፣ በቀን 2 በርሜል አያቅተንም" ይላል። የቢራ ወኪል መጥቶ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ዣንጥላና ፍሪጅ በነፃ እሰጣለሁ ብሎናል፤ በወሩ መጨረሻ ወረቀት ፈርሙ እያለ ነው። ግቢው 2 በር ስላለው ቦታ አይቸግረንም። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ወንድሜ "ዲዝኒላንድ እንኳ ይሸጣል፣ አንቺ ወግ አጥባቂ ሆነሽ ነው" ይለኛል። እናታችን "ተስማሙ" ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። እውነት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?»

ስሜ ይቆይ፣ ከሳቢያን

መልስ

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። የድሬ ልጅ ስለሆንሽ አትቀየሚኝም፤ እኛ ጋ አንቱታ ከበዛ ሰው የተኮረፈ ይመስለዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እኔ ቢራ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግንቦት ላይ ሙቀቱ አላስተኛ ሲል፣ ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ላብ ያወጣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ የጨበጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወደፊትም አይቀርም። ስለዚህ የምልሽን ከስብከት አትቁጠሪብኝ።

ወንድምሽ ያለው ሁሉ ስህተት አይደለም። አባቶች ይሰለቻሉ። ልጆቹን በር ላይ አውርዶ፣ ባጃጁ ውስጥ ተጋድሞ ስልኩን እየነካካ የሚጠብቅ አባት በየመዝናኛው ደጃፍ አይቻለሁ። እናቶቹም ከአንድ ሻይ በኋላ የሚያደርጉት ይጠፋቸውና «በቃ ውጡ፣ መሸ» ይላሉ፤ ገና አልመሸም። ሰው የተቀመጠውን ያህል ይገዛል። ሞተርም በሻይ ትርፍ አይጠገንም። እዚህ ድረስ ወንድምሽ ነጋዴ ነው፣ ልክም ነው።

ሂሳቡን ግን እስኪ አብረን እንሥራው። በርሜሉ 30 ሊትር የሚይዘው ዓይነት ከሆነ፣ 330 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ሲቀዳ 90 ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል። በአረፋ የሚሄደውንና የሚደፋውን እንተወው። 2 በርሜል ማለት 180 ብርጭቆ ነው። አንቺ በአዘቦት ቀን 60 ቤተሰብ ይገባል ብለሻል። ከ60ው ቤት ሁሉ አባት ይምጣ እንበል። የመጣው አባት ሁሉ ይጠጣ እንበል። የድሬን ሰው የሚያውቅ እዚህ ላይ ይስቃል፤ ብዙው በሃይማኖቱ አይነካውም፣ ከሚነካውም ሁዳዴ ሲገባ ብርጭቆውን የሚያስቀምጥ አለ። ግድ የለም፣ ለወንድምሽ ስንል 60ውም አንዳንድ ይጠጡ። 60 ብርጭቆ ሄደ። የቀረውን 120 ማን ይጠጣዋል?

ማን እንደሚጠጣው እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ወንድምሽም 9 ዓመት ውጭ ቢኖርም የረሳው አይመስለኝም። ድሬ በቀትር ትዘጋለች። ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው በርጫው ላይ ይቀመጣል። ፀሐይ በረድ ስትል፣ 11 ሰዓት ተኩል ወይ 12 ሰዓት ላይ፣ የመረቀነው ሰው ከፍራሹ ይነሳና ጨብሲ ይፈልጋል፤ ምርቃናውን የሚያወርድበት አንድ ሁለት። አሁን የልጆችሽን ሰዓት አስቢ። 9 ሰዓት ላይ ሸርተቴሽ ምጣድ ነው፣ እንጀራ ይጋግራል፤ ማን እናት ልጇን ታስቀምጥበታለች? ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው፣ ንጹህ ልብስ ለብሰው የሚወጡት ያው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ጨብሲ ፈላጊውና ልጁ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር ሊገቡ ነው።

ጨብሲ የሚወጣው ሰው ክፉ ነው አልልም። ጎረቤታችን ነው፣ የአክስታችን ልጅ ነው፣ አንዳንዴም የራሳችን ባል ነው። ምርቃና ላይ ጭምት የነበረው ሰው ሁለተኛው ብርጭቆ ሲገባለት ድምፁ ይወጣል፤ ስለ ኳስ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ዱሮው ድሬ ይከራከራል፤ አፉም ትንሽ ይላላል። ለዚያ የተሠራ ቤት በየሰፈሩ ሞልቷል፣ ይሂድና ይጫወት። ወንድምሽ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ደንበኛ ልጁን ይዞ የመጣውን አባት ነው። ሂሳቡ የሚጠራው ደንበኛ ግን ልጅ ይዞ አይመጣም።

ወደ ዲዝኒላንድ እንሂድ፤ ወንድምሽ ያሸነፈሽ የመሰለው እዚያ ላይ ነውና። እውነቱን ነው፣ ይሸጣሉ። እንዴት እንደሚሸጡ ግን አልነገረሽም።

ዋልት ዲዝኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ ግቢውን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፍት ለሕዝብ መጠጥ አይሸጥም ነበር። በ1967 ለአባላት ብቻ የሚሆን ክለብ 33 የሚባል ቤት እዚያው ውስጥ ተከፈተ፤ በዚያ ይጠጣል፣ ትኬት ቆርጦ የገባው ሰው ግን አያገኘውም። ተራው እንግዳ በዚያ ግቢ መጠጥ መግዛት የቻለው በ2019 ነው። 64 ዓመት ቆይተው፣ ያውም በአንድ ቤት ውስጥ፣ ብርጭቆ ይዞ መውጣት ክልክል ሆኖ። ፍሎሪዳ ያለው ማጂክ ኪንግደም በ1971 ተከፍቶ እስከ 2012 ለሕዝብ አልሸጠም፤ ሲጀምርም በአንድ ምግብ ቤት፣ በራት ሰዓት፣ ቢራና ወይን ብቻ። ገንዘቡን ጠልተውት ይመስልሻል? ምን እየሸጡ እንደሆነ ያውቁ ስለነበር ነው።

ወንድምሽ በቅርብ የሚያውቀው የፓሪሱን ሳይሆን አይቀርም። ያ በ1992 ያለ ወይን ተከፈተ፤ የአገሩ ሰው ምሳ ያለ ወይን ምን ምሳ ነው ብሎ አጉረመረመ፤ በዓመቱ ፈቀዱለት። ይህ ለወንድምሽ ጥሩ ማስረጃ ይመስላል፣ እስኪ ግን ጠጋ ብለሽ እዪው። እዚያ ወይን የምግብ ጓደኛ ነው፤ ከሥጋው ጋር ይመጣል፣ ሳህኑ ሲነሳ ይነሳል። እኛ ጋ ድራፍት የማን ጓደኛ እንደሆነ ከላይ ብዬሻለሁ። አሜሪካኖቹ ፓሪስ ላይ የተሸነፉት ለአገሩ ልማድ ነው። የአገር ልማድ ማክበር ከሆነ ነገሩ፣ ድሬም ልማድ አላት።

የሚሸጡ አሉ፣ አልክድም። ኮፐንሃገን ያለው ቲቮሊ ከ1843 ጀምሮ ያለ መናፈሻ ነው፤ ልጁ ፈረስ ላይ ሲሽከረከር አባትየው ምግብ ቤቱ ውስጥ ቢራውን ይዞ ይቀመጣል፣ አገሩም አልፈረሰም። ግቢው ሰፊ ነው፣ ጠረጴዛው ሌላ ቦታ፣ መጫወቻው ሌላ ቦታ። የእናንተ ግቢ ግን የአንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ግቢ ነው። ከጠረጴዛው እስከ ሸርተቴው ስንት እርምጃ ነው? ቆጥሪው። ከ15 ከበለጠ እኔ ተሳስቻለሁ።

ሌላም አለ። ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ውስጥ በ1959 የተከፈተ ቡሽ ጋርደንስ የሚባል መዝናኛ ለብዙ ዓመት እንግዳውን ቢራ በነፃ ያስቀምስ ነበር። የከፈተው ማን መሰለሽ? ራሱ የቢራ ፋብሪካው፤ ከፋብሪካው አጠገብ። ይህን የማነሳው በወኪሉ ነፃ ወንበር ምክንያት ነው። ወንበሩ ላይ ስም ተጽፏል፣ ዣንጥላው ላይ ተጽፏል፣ ፍሪጁ ላይ በመብራት ተጽፏል። አገራችን በ2011 ዓ.ም. በወጣው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥታለች። ልጅሽ ሳሎን ተቀምጣ እንዳታየው የተባለውን ነገር፣ እናንተ ከዥዋዥዌው በላይ ልትዘረጉት ነው።

ያው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሸርተቴው ጋ ቆመው ልጅ የሚቀበሉት ሠራተኞችሽ ስንት ዓመታቸው ነው? 18? 19? ድራፍት ከገባ ማታ ብርጭቆ የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው። ብርጭቆ ሥር የሚቀረውን ማን እንደሚጨርሰው፣ ምግብ ቤት ጓዳ የሠራ ሰው ይነግርሻል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። 20 ዓመት አልፎታል፤ ልጄ 5 ዓመቱ ነበር። ድሬ ውስጥ አይደለም፣ ቦታውንም አልጠራውም፤ ድራፍትና ሸርተቴ በአንድ ግቢ ያለው መናፈሻ ነው። እሁድ ከሰዓት፣ ከ3 ጓደኞቼ ጋር። ያዘዝኩት አንድ ድራፍት ነው፤ እሱንም ገና ግማሹ ላይ ነበርኩ። እኔ አልሰከርኩም፣ በግቢው ውስጥም የሰከረ ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ አማቷ ቴሌቪዥን ላይ ላለው ሰውዬ እንዴት ሰላምታ እንደሚመልሱ እያሳየችን ነው፣ በሳቅ ሆዴን ይዣለሁ። ልጄ ከላይ ሆኖ «እማ፣ እዪኝ!» አለ። ሰምቼዋለሁ። «አየሁህ፣ ጎሽ!» ብዬዋለሁ፤ ዞር ግን አላልኩም። ዞር ስል ሸርተቴው ላይ ማንም የለም። አሸዋው ላይ አንድ ሰማያዊ ሰንደል ብቻ፣ በጀርባው ተገልብጦ። ልጁ በመሰላሉ በኩል ወድቆ አገጩ ተሰንጥቋል፤ አፉ ተከፍቷል፣ ድምፁ ግን ገና አልመጣም። ያ ድምፅ እስኪመጣ ያለው ጊዜ፣ እህቴ፣ ምን ያህል እንደሚረዝም የወለደ ያውቀዋል።

4 ስፌት ሆነ። ዛሬ ጢም አብቅሎ ሸፍኖታል፤ ሲላጭ ግን አያለሁ።

በሻይ ጊዜ ልጅ አይወድቅም አልልሽም። ይወድቃል፣ ልጅ የተሠራው ለመውደቅ ነው። እኔ የማስታውሰው ግን ያንን «አየሁህ» ነው። ሻይ እየጠጣሁ ቢሆን ኖሮ ሳላይ «አየሁህ» አልልም ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ፣ እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ያ ግማሽ ብርጭቆ ፍርሃቴን አሳረፈው እንጂ አላሰከረኝም። ሰው ድራፍት የሚጠጣውም እኮ ለዚሁ ነው፣ ሐሳቡን ለማሳረፍ። ሌላ ቦታ ቢሆን መልካም ነገር ነው። የእናንተ ግቢ ግን የሚጠበቀው በምንድን ነው? ጥበቃው በር ላይ ነው፣ ሠራተኞቹ ሁለት ልጆች ናቸው። ግቢውን የሚጠብቀው የ60 እናትና አባት ስጋት ነው። እሱን እየቀዳችሁ ልታሳርፉት ነው።

ቁጥር ለሚወደው ወንድምሽ ቁጥር እንስጠው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለ፤ ጉበት እሱን ለመጨረስ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጅበታል። 2 የጠጣ አባት ልጁ ተጫውቶ ጠግቦ ሲወጣ ገና አልጨረሰም። ከዚያ ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ ሞተር ሳይክሉን ያስነሳል።

መዋኛውን ደግሞ ወገብ አይደርስም ብለሽ አቅልለሽዋል። የማን ወገብ? የ3 ዓመት ልጅ ከዚያ ባነሰ ውሃም ይሰምጣል። የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ ጸጥ ብሎ ነው የሚሰምጠው። ኳስና ክርክር ባለበት ግቢ ጸጥታን ማን ይሰማል? ድራፍት ገባም አልገባም፣ ውሃው ጋ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው ቁሚ ብለሽ መድቢ። ይህን ነገ ጠዋት አድርጊው፣ የኔን መልስ ማንበብ ሳትጨርሺ ብታደርጊውም ደስ ይለኛል።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንቺ ራስሽ አስቀምጠሽው ያለፍሽው አንድ መስመር አለ። ትልቁ ገቢያችን በሁለቱ ኢዶች ነው ብለሻል። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን መልስ ፈለግሽ? በኢድ ማግስት የመድረሳ አስተማሪው 40 ልጅ አሰልፎ ሲመጣ፣ በር ላይ የቢራ ዣንጥላ ቢያይ ምን ያደርጋል? አይጣላሽም። የድሬ ሰው በዚህ ነገር አይጣላም፤ «አቦ ሰላም ነው?» ይልሻል፣ ልጆቹን ይዞ ያልፋል። ለምን እንደቀረ አይነግርሽም፣ አንቺም አትጠይቂውም። በሚቀጥለው ኢድ ወንድምሽ ደብተሩን ገልጦ «ዘንድሮ ኑሮ ተወዶ ሰው አልወጣም» ይላል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን በገና ይዘው የሚመጡትስ? የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው የሚመጡት ነጠላ የለበሱ አያትስ? ዣንጥላው ሥር የሚቀመጡ ይመስልሻል? ድራፍት የሚያመጣውን ገንዘብ ማታ ትቆጥሩታላችሁ፤ የሚያስቀረውን የምትቆጥሩበት መሳቢያ ግን የለም።

እንግዲህ አይሆንም ማለት ብቻ ሞተር አይጠግንም። አባቶቹን ከባጃጅ ውስጥ አውጫቸው። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ኳስ የሚጀምረው ልክ በዚያው ሰዓት ነው። ፈቃዱን ጨርሰሽ አንድ ትልቅ ስክሪን ስቀይ፤ የምትሰቅይው ግን ከሸርተቴው በላይ፣ ወንበሩ ሁሉ ወደዚያ ዞሮ። ኳስም ዓይን ይይዛል ትይኝ ይሆናል። ይይዛል፤ ግን ኳሷ ወደ ውጭ በወጣች ቁጥር አባትየው ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ የሚያየው የራሱን ልጅ ነው። ጎል ሲገባና ግቢው ሲጮኽ ደግሞ ልጆቹ ምን ሆነ ብለው ሮጠው ይመጣሉ፤ ያኔ ሁሉም ይቆጠራል።

ለመጠጡ ሶፊ አለልሽ፤ ከዚሁ ከሐረር፣ ከቢራ ፋብሪካው የሚወጣ፣ አልኮል የሌለው የገብስ መጠጥ። በረዶ ውስጥ ነክረሽ፣ ጠርሙሱ አልቦት ስታቀርቢው አባት የሚጨብጠው ነገር ያገኛል፤ ግማሹ ሰው የሚፈልገው የሚጨበጥ ነገር ነው። የጀበና ቡና በአንድ ጥግ ይኑር፣ እጣኑ ይጭስ፤ እናቶቹ ሁለተኛውን ሳይጠጡ አይነሱም። ሳምቡሳ ብቻ ምን ያደርጋል? ባጊያ ትኩስ ትኩሱን የሚጠብስ ሰው በር አጠገብ አስቀምጪ፣ ሽታው ከአስፋልት ሰው ይጎትታል። ጣፋጩ ሙሸበክም ይጠበስ። ጠዋት ጠዋት ግቢሽ ባዶ ነው አይደል? ትምህርት ቤቶችን ዙሪ፤ ከረፋዱ በፊት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ለአንድ ክፍል ልጆች በሰዓት አከራዪው። ልደትን በጥቅል ሽጪ፤ ኬኩን እነሱ ያምጡ፣ ድንኳኑና ጽዳቱ ከናንተ። ለቁልቢ ንግሥ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ፣ ከተማው እንግዳ ሲሞላ፣ የመዝጊያ ሰዓታችሁን ግፉት። ከነዚህ አንዱ 2 በርሜል አያክልም፤ ሁለት ሦስቱ ሲደመሩ ግን የሞተሩን ነገር ቀለል ያደርጉልሻል።

ወንድምሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም እምቢ ካለ፣ የግቢው ግማሽ የእሱ ነው፤ አባትሽ ለሁለታችሁ ነው የተወው። ያኔ ያ ሁለተኛው በር ሥራ ያግኝ። በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል እሱ ይውሰድ፤ ሙሉ ግንብ ይሁን፣ መስኮት አይኑረው፣ ስሙም ፈቃዱም የራሱ ይሁን። ከልጆቹ በኩል ብርጭቆ አይዞርም፣ ሽንት ቤቱም አንድ አይሆንም። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የ6 ዓመት ሴት ልጅ ብቻዋን የምትገባበት ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ የሞቀው ሰው ሲጠብቅ አስቢው። የእሱ ቤት የሚከፈተው የአንቺ በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህንንም ቢሆን እኔ አልወደውም፣ ኢዱ ላይ ይጎዳችኋል፤ ግን ከመጣላት ይሻላል።

«ወግ አጥባቂ» ላለሽ ነገር ብዙ አትጨነቂ። ወንድም እህቱን በሂሳብ ሲያቅተው የሚላት ነው። እናታችሁንም መሀል አታስገቧት፤ «ተስማሙ» ያሉት አስተያየት ስለሌላቸው አይደለም፣ ሁለታችሁንም ስለወለዱ ነው።

ከመነጋገራችሁ በፊት ግን ደብተር ግዢ። 3 ቅዳሜ፣ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በር ላይ ተቀመጪ። ስንት ቤተሰብ ገባ፣ ስንቱ አባት አብሮ ገባ፣ ስንቱ ደጅ ቀረ ብለሽ ጻፊ። ለአባቶቹ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ድራፍት ቢኖር ከልጆችህ ጋር ትመጣለህ? ለእናቶቹም ያንኑ። የእናቶቹን መልስ ለብቻ ገጽ ስጪው፤ ልጆቹን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። እኔ ያልኩሽ ሳይሆን ደብተሩ ያለው ይሁን፤ ደብተሩ እኔን ካሳፈረኝ ጻፊልኝ፣ በዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ።

ከዚያ ወንድምሽ ጋ ጠዋት ሂጂ። ከሰዓት አትሂጂ፣ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሁሉም ሐሳብ ያምርበታል፤ የአንቺንም ይስማማበታል፣ ማታ ይረሳዋል። ሙሸበክ ይዘሽ ሂጂ፣ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፣ ከ180 ላይ 60ን ራሱ ይቀንስ።

የወኪሉን ወረቀት ግን እስከዚያ አትንኪው። ሲያመጣው «ለስንት ዓመት» የሚለውን መስመርና «ሌላ መጠጥ» የሚለውን መስመር ፈልጊ፤ ወንበሩ የታሰረው በነዚህ ነው። በወሩ መጨረሻ ሲመጣም ቡና አፍልተሽ አስተናግጂው፤ ፊርማውን ከጠየቀሽ ወንድሜ ቆጠራ ላይ ነው በይው።